ዝንጉርጉሩ ዱራንታ ለምን አረንጓዴ ይሆናል? ቁጥቋጦን በቁርጥራጭ ስለ ማባዛት



ከደንበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው፣ በሆቴሎችና በመሥሪያ ቤቶች ግቢ ዳር ተከርክሞ የቆመ የዱራንታ አጥር ያያል። ከዝርያዎቹ አንዱ የቅጠሉ መካከል አረንጓዴ፣ ጠርዙ ደግሞ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዝንጉርጉር ተክል ነው፤ መነሻዬም የራሴ ስሕተት ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ አዛውንት ግቢ ስልሳ ያህል ችግኞች አዘጋጅቼ ነበር። ቁርጥራጮቹን ስመርጥ ወፍራሞቹንና ፈጥነው ያደጉትን ቀንበጦች ወሰድሁ። አብዛኞቹ ጸደቁ፤ እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ክረምት ግን አጥሩ ከሞላ ጎደል አረንጓዴ ሆነ። አዛውንቱም «መምህር፣ የሰጠኸኝ ሌላ ተክል ነው» አሉኝ። እውነት ነበራቸው።

የጎጃም ገበሬ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልን ከእኛ አልተማረም። ሰንሰልን ለአጥር እየቆረጠ ይተክላል፤ ሸንኮራ አገዳንም በአንጓው ላይ ያለው ዓይን እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ይቆርጣል። ሰንሰል ከየትኛውም ቅርንጫፉ ቢወሰድ ያው ሰንሰል ነው። ዝንጉርጉር ዱራንታ ግን እንዲህ አይደለም፤ በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አብረው ይኖራሉ።

በቀንበጡ ጫፍ ያሉት ሕዋሳት እንደ ልብስ በንብርብር የተደረደሩ ናቸው። ከንብርብሮቹ አንዱ በሚውቴሽን ምክንያት ክሎሮፊል የመሥራት ችሎታውን ሲያጣ፣ ከእርሱ የሚወጣው የቅጠል ክፍል ይነጣል ወይም ይገረጣል። ጀርመናዊው ኤርቪን ባወር በ1909 እ.ኤ.አ. በጄራንየም ላይ ባደረገው ምርምር ያብራራው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ተክል ኪሜራ ይባላል። ዘሩ ቢዘራ ጽንሱ የሚፈጠረው ከአንዱ ንብርብር ስለሆነ፣ የእናቱን መልክ ጠብቆ አይበቅልም። ስለዚህ የሚባዛው ዓይን ካለው ቁርጥራጭ ነው፤ ዓይኑ ንብርብሮቹን ሁሉ ይዞ ይወጣልና። በየቤታችን በረንዳ የሚቀመጠውን ጠርዘ ቢጫ ሳንሲቬሪያ ተመልከቱ፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ብትተክሉት ይጸድቃል፣ አዲሱ ቡቃያ ግን ቢጫ ጠርዝ የለውም። ቅጠሉ ዓይን አልነበረውም።

አረንጓዴው ቀንበጥ ምግቡን በሙሉ ቅጠሉ ስለሚሠራ ዝንጉርጉሩን በዕድገት ይቀድመዋል። እኔም ጥንካሬን አይቼ የመረጥሁት እርሱን ነበር። ፍጹም ነጩ ደግሞ ቢያምርም ራሱን መመገብ አይችልም፤ ከእናት ግንዱ ከተለየ ይሞታል።

አሠራሩ ይህ ነው። ነጩና አረንጓዴው በሚዛን የተቀላቀለበት፣ ጨርሶ ለጋ ያልሆነ ግን ያልደረቀ ቀንበጥ በማለዳ ይቆረጣል። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቁራጩ ከአንጓ በታች በስለታም ምላጭ ይቆረጥ። የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሡ፤ ላይ የቀሩት ትልልቅ ከሆኑ በግማሽ ይቆረጡ፣ ሥር የሌለው ቀንበጥ ብዙ ውኃ ማትነን አይችልምና። ከዚያም አሸዋና የበሰለ ብስባሽ በተቀላቀለበት የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ይተከላል። ጫፉ ተገልብጦ ከተተከለ አይጸድቅም፤ ይህን የምለው ተማሪዎቼ ሲያደርጉት ስላየሁ ነው። ሥር አብቃይ ሆርሞን ቢገኝ ይረዳል፤ ለዱራንታ ግን የግድ አይደለም።

ጥላውና እርጥበቱ ከሁሉ ይበልጣሉ። በየካቲት ፀሐይ የተተከለ ቁርጥራጭ ሥር ሳያወጣ ይደርቃል፤ በክረምት መግቢያ አየሩ ራሱ ያግዛል። ያም ሆኖ ውኃ የሚቋጥር አፈር ግንዱን ያበሰብሰዋል። ከፍኖተ ሰላም ከፍ ብላ በምትገኘው ቡሬ ቅዝቃዜው ሥር ማውጣቱን ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ችግኙን እየነቀሉ ማየት አይገባም።

ከተተከለም በኋላ አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ ባለ ቁጥር ከመነሻው መቆረጥ አለበት፤ ጫፉን ብቻ መከርከም አይበቃም። የዱራንታ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትና ጥጆች በሚውሉበት ግቢ አልመክረውም።

እነሆ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ቀንበጦች አሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ዝንጉርጉር። ከጥያቄዎቻችሁ በፊት እየቀረባችሁ ዓይኖቻቸውን ተመልከቱ።