የሰብል ልማትና የእንስሳት እርባታ ቁርኝት፤ የአንድ ሄክታር ጭድ ስንት ከብት ይቀልባል?

በአገራችን ደጋማና ወይና ደጋማ አካባቢዎች የሰብል ልማትና የእንስሳት እርባታ በአንድ አርሶ አደር እጅ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሳስረው የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው። በሬው መሬቱን ያርሳል፣ ምርቱንም በአውድማ ላይ ያበራያል። ማሳው ደግሞ በፈንታው ጭድ፣ ገለባና አገዳ ይሰጠዋል፤ እበቱም ወደ ማሳው ሲመለስ ዑደቱ ይሟላል። በመሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ እቅድ ላይ ግን ሁለቱ ዘርፎች ብዙውን ጊዜ ተለያይተው ይሰፍራሉ፤ አንደኛው በሄክታርና በኩንታል፣ ሌላኛው በከብት ቁጥር። አከፋፈሉ ለሪፖርት አመቺ ቢሆንም አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚገጥመውን ጥያቄ አያሳይም። ጥያቄውም ያለው መሬት ያሉትን ከብቶች ይቀልባል ወይ፣ ያሉት ከብቶችስ መሬቱን በወቅቱ ያርሳሉ ወይ የሚል ነው።

ቁርኝቱ ሲበጠስ ምን እንደሚደርስ የአገራችን ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውና ሕዝቡ “ክፉ ቀን” ብሎ የሚያስታውሰው ረሀብ ዋነኛ መነሻው በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ነበር። ድርቁና አንበጣው ቢያባብሱትም፣ የታሪክ ጸሐፍት እንደሚገምቱት 90 በመቶ ያህሉ የቀንድ ከብት በማለቁ መሬቱ የሚያርሰው ጠፋ። አጼ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደርሰዋል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ የተገለጸው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከብቱን የሚያሰጋው ዋነኛ ችግር ግን ከበሽታ ይልቅ የመኖ እጥረት ሆኗል።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6 ኪሎ ግራም ከሩብ የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ይህም በዓመት ወደ 23 ኩንታል ይደርሳል። አንድ ሄክታር ማሳ 18 ኩንታል ጤፍ ቢሰጥ፣ ጭዱ ከፍሬው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚሆን 27 ኩንታል ጭድ ይገኛል፤ በማጓጓዝና በክምችት የሚባክነው አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀነስ 24 ኩንታል ይቀራል። ከዚህም ላይ ለቤት ምርጊት የሚሆነውና ለገበያ የሚወጣው ይነሳል። ስለዚህ የአንድ ሄክታር ጭድ በደህና ጊዜ አንድ ከብት ቢቀልብ ነው። አርሶ አደሩ ግን ጥማድ በሬ፣ ላም፣ ጥጃና አህያ አለው፤ ይዞታውም በብዙ የደጋ አካባቢዎች ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። ጉድለቱን የሚሸፍነው ከዓመት ዓመት እየጠበበ የመጣው የወል ግጦሽ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ወቅቱ የበለጠ ያስቸግራል። ጭድ የሚከመረው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የሚያልቀውም በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ሲሆን፣ ይህ ለመኸር እርሻ ዝግጅት የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በሬው እጅግ የሚከሳው እጅግ በሚደክምበት ወቅት ይሆናል ማለት ነው። የጤፍ ማሳ ከ3 እስከ 5 ጊዜ መታረስ ስላለበት የደከመ በሬ አንዱን እርሻ ያዘገየዋል ወይም ያስቀረዋል፤ ዘሩም ከወቅቱ ያልፋል። አንድ በሬ ብቻ ያለውና በመቀናጆ የሚያርሰው አርሶ አደር ደግሞ ተራ ስለሚጠብቅ ጉዳቱ ይበረታበታል። በሰኔ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር አቅርቦት በጥብቅ ክትትል ሲካሄድ፣ የበሬው አቅም የሚወሰነው ከዚያ በፊት በመስከረምና በጥቅምት መሆኑ ብዙም ትኩረት አይሰጠውም። ሣር ማበብ ሲጀምር ታጭዶ ድርቆሽ ቢሆን የተሻለ ገንቢ ንጥረ ነገር ይይዛል፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆሞ ከደረቀ ግን ከጭድ ብዙም አይለይም።

ጭድም ቢሆን ብቻውን በቂ አይደለም። በከብቱ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት መኖውን በሚገባ ለመፍጨት ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሲፈልጉ፣ የብርዕ ሰብሎች ጭድና ገለባ ግን በአብዛኛው የሚይዘው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ከብቱ ጠግቦ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ መፍትሔ ጭድን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ80 ሊትር ያህል ውኃ አሟሙቶ በየንብርብሩ መርጨት፣ አየር እንዳያገኝ በፕላስቲክ ማሸግና 3 ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያም ሽታው እስኪወጣ አናፍሶ መስጠት ያስፈልጋል። ለጥጃና ለጋማ ከብት አይሰጥም። ዩሪያውን በቀጥታ መላስ ወይም የተሟሟበትን ውኃ መጠጣት ከብት ይገድላልና ይህ ማስጠንቀቂያ በሥልጠና ላይ ሊዘለል አይገባም። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ግን አርሶ አደሩ ዩሪያውን ለጭድ ይልቅስ ለማሳው ማለቱ አይቀርም፤ ሊወቀስበትም አይገባም።

ርካሹ መንገድ የባቄላና የአተር ገለባን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። የጥራጥሬ ገለባ ከብርዕ ሰብሎች ገለባ የተሻለ ፕሮቲን ስላለው ለአራሽ በሬና ለምትታለብ ላም በመደጎሚያነት ቢቀመጥ ይመረጣል። ጥራጥሬው ራሱ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ይጠቀማል፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ማሳ የሚዘራው ስንዴ ወይም ገብስም ይጠቀማል። በዚህ ረገድ የሰብል ባለሙያውና የእንስሳት ባለሙያው ምክር አንድ ነው። አፈሩ አሲዳማ በሆነበት አካባቢ ግን ባቄላ ያለ ኖራ ስለማይሆንለት ምክሩ በአፈር ምርመራ ሊደገፍ ይገባል።

ወደ እበቱ ስንመለስ፣ የማገዶ እጥረት ባለባቸው ደጋዎች እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ደረቅ እበት ከ1 እስከ 2 በመቶ ናይትሮጅን ስለሚይዝ አንድ ኩንታል ኩበት ሲነድ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጅን ከአፈሩ ይቀራል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመድ ውስጥ ይተርፋሉ፤ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽ አካል ግን ጨርሶ ይጠፋል። ይሁን እንጂ እማወራዋ እንጀራ የምትጋግርበት ሌላ ማገዶ በሌለበት “ኩበት አታንድዱ” ማለት ትርጉም የለውም። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እበቱ ማገዶም ማዳበሪያም እንዲሆን ያስችላል፤ ነገር ግን በቀን ቢያንስ 20 ኪሎ ግራም ያህል እርጥብ እበትና በቂ ውኃ ስለሚጠይቅ ጥቂት ከብት ላለው አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ፈጥኖ የሚደርስ የማገዶ ዛፍ በእርሻ ወሰን ላይ መትከል ይቀላል።

የእርከን ሣርም እንዲሁ መሬት ሳይሻማ መኖ ይሰጣል። መጀመሪያ በጨንቻ አካባቢ የታወቀው ደሾ ሣር እርከኑን ያጠናክራል፣ እየታጨደም ለከብት ይቀርባል። ከመከር በኋላ ልቅ ግጦሽ ከተፈቀደ ግን ሣሩም እርከኑም ባንድ በጋ ይረገጣሉ። አጭዶ የመመገብ ደንብ በቀበሌው ነዋሪ ስምምነት ሲወጣ ይከበራል፤ ከላይ የወረደ መመሪያ ብቻ ሲሆን በሌሊት ይጣሳል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ተከትሎ የተሻሻሉ ዝርያዎች ፍላጎት ጨምሯል። አንዲት የአገር ላም በአማካይ በቀን ከ2 ሊትር ያነሰ ወተት ትሰጣለች፤ ዲቃላዋ በሚገባ ከተቀለበች ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። በአካሏ ግዙፍ በመሆኗ ግን የምትፈልገው መኖም ብዙ ነው፤ ካላገኘችም ከአገር ላሟ ቀድማ ትጎዳለች፣ ለመፀነስም ትዘገያለች። ስለዚህ ጊደር ከመከፋፈሉ በፊት ተረካቢው የተከለው የመኖ ሣርና የከመረው ድርቆሽ በግቢው ተገኝቶ ሊታይ፣ ውጤቱም ከርክክቡ ሰነድ ጋር ሊያያዝ ይገባል።