ከሕፃኑ ጋራ የሚመገበው ረቂቅ ተሐዋሲ

ባክቴሪያ የሚለው ቃል በተሰማ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚታሰበው በሽታ ብቻ ነው። ነገር ግን በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ረቂቃን ተሐዋስያን መካከል ለሕፃን ባለውለታ የሆነ አንድ ወገን አለ፤ ስሙም ቢፊዶባክቴሪየም ይባላል። ስለ እርሱ እንድንጽፍ ያነሣሣን በየአራስ ቤቱ የሚደረግ አንድ ልማድ ነው፤ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ይህን ባክቴሪያ በመጀመሪያ ለይቶ ያወቀው አንሪ ቲሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓመት፥ ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ አገኘው። በአጉሊ መነጽር ሲመለከተው ጫፉ እንደ ባላ ተከፍሎ ስለ ታየው፥ በላቲን ቋንቋ «ለሁለት የተሰነጠቀ» የሚል ስም ሰጠው። ጠባዩም ልዩ ነው፤ እኛ ያለ አየር ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት ሳንችል፥ እርሱ ግን ኦክሲጅን ባለበት አይለማም። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ጥቂት ኦክሲጅን አለበትና፥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቀድመው ገብተው ያንን ይጨርሱለታል፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ቤቱን ይወርሳል።

ምግቡስ ምንድን ነው? ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። በእናት ወተት ውስጥ ላክቶስ ከሚባለው የወተት ስኳርና ከስብ ቀጥሎ፥ በብዛቱ ሦስተኛ የሆነ ውስብስብ የስኳር ዓይነት አለ። በአንድ ሊትር ወተት ከ5 እስከ 15 ግራም ያህል ይገኛል፤ በእንገር ውስጥ ግን እስከ 20 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሕፃኑ ይህን ስኳር መፍጨት አይችልም፤ ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ታዲያ እናት ልጇ የማይፈጨውን ምግብ ከሰውነቷ ቀንሳ ለማን ታዘጋጃለች? በሀንጋሪ የተወለደው ሐኪም ፖል ጆርጂ በ1950ዎቹ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ባደረገው ምርምር፥ ይህን ባክቴሪያ የሚያፋፋ ነገር በእናት ወተት ውስጥ እንዳለ አስረዳ። በ2008 ደግሞ ኢንፋንቲስ የተባለው ዝርያው የጂን ዝርዝር በሙሉ ሲነበብ፥ ስኳሩን ለመሰብሰብና ለመፍጨት የሚያገለግሉ ጂኖች በአንድ ስፍራ ተሰድረው ተገኙ። ማዕዱ የተዘጋጀው ለእንግዳው ነበር።

እንግዳውም ውለታውን ይመልሳል። ስኳሩን በልቶ አሴቲክ አሲድና ላክቲክ አሲድ ያወጣል፤ አንጀቱ ሲኮመጥጥም ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎች መራባት ይሳናቸዋል። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት፥ በባንግላዴሽ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ከ2 እስከ 6 ወር የሆናቸው ሕፃናት ለ28 ቀን ኢንፋንቲስን ሲቀበሉ፥ ካልተቀበሉት ይልቅ ክብደት መጨመራቸውን አመልክቷል። ልጁ ጡት ሲተው ግን ይህ ወገን እየቀነሰ፥ እህልና አትክልት ለሚፈጩ ሌሎች ቦታውን ይለቃል።

አሁን ወደ ልማዱ እንመለስ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ለተወለደ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማስዋጥ፥ የስኳር ወይም የአብሽ ውሃ ማቅመስ፥ እንገሩንም ቢጫና ወፍራም ነው፥ ሆድ ያማል ብሎ ጨምቆ መድፋት የቆየ ነገር ነው። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ ነውና አንወቅሳቸውም። ነገር ግን የሚደፋው ያ ቢጫ ወተት ስኳሩ እጅግ የበዛበት፥ ከበሽታ የሚከላከል ኃይሉም የበረታበት ነው። ቅቤው ደግሞ ጡት የሚሰጥበትን ሰዓት ያዘገያል፤ እጁና ዕቃው ንጹሕ ካልሆነም በሽታ ያስገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፥ እስከ 6 ወርም ውሃ እንኳ ሳይጨመርለት በእናቱ ጡት ብቻ እንዲቆይ ይመክራል።

አማት ቅቤውን በቅጠል ይዘው ሲመጡ አራሷ መናገር ታፍራለች፤ ስለዚህ እናቱን በትሕትና ማስረዳት የባልየው ድርሻ ይመስለናል። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ቢውል፥ አማትም የሚከፋቸው አይመስለንም።