ወደ ባለቤታቸው የሚመለሱ የፈረንሳይኛ ግሦች እና የአማርኛው «ተ»

ፈረንሳይኛን የሚያስተምር መምህር «ኢል ሰ ላቭ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ «ሰ» የምትለዋን ትንሽ ቃል ለማስረዳት የሚቀናው «ራሱን» ብሎ መተርጐም ነው። ትርጉሙ የተወሰደው ከእንግሊዝኛው «ሂምሰልፍ» ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ፈረንሳይኛው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ወደ አማርኛ ይመጣል። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ነው። በአማርኛ «ራሱን ታጠበ» የተባለ ሰው ጠጕሩን የታጠበ እንጂ ገላውን የታጠበ አይደለም። «ኢል ሰ ራዝ» የሚለው በዚሁ መንገድ «ራሱን ይላጫል» ተብሎ ሲተረጐም ደግሞ፣ ጢሙን በመላጨት ላይ ያለው ሰውዬ በተማሪው ፊት መላጣ ሆኖ ይቀርባል።

የፈረንሳይኛ ቃላት እዚህ በአማርኛ ፊደል የቀረቡት አነባበባቸው በቀላሉ እንዲታይ ነው። የላቲኑ አጻጻፍ በመማሪያ መጻሕፍቱ ይገኛል።

ችግሩ የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን በታረመ ነበር። ዋናው ጉዳት ተማሪው በገዛ ቋንቋው ያለውን ዕውቀት ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። በቆየው የሰዋስው ትምህርት የግሥ አዕማድ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ተብለው ይከፈላሉ። ከእነዚህ መካከል «ተ»ን የሚይዙት ሁለቱ፣ ማለትም ተደራጊውና ተደራራጊው፣ በፈረንሳይኛ «ሰ» የሚሠራውን ሥራ አብዛኛውን ያከናውናሉ። «ካሼ» ደበቀ ነው፤ «ሰ ካሼ» ተደበቀ። «ለቬ» አነሣ ነው፤ «ሰ ለቬ» ተነሣ። «ላቬ» አጠበ ነው፤ «ሰ ላቬ» ታጠበ። (ለቬን ከላቬ መለየት ለሌላው የውጭ ተማሪ ሊያስቸግር ይችላል፤ ለን ከላ ለይቶ ላደገ ጆሮ ግን ይህ ችግር አይደለም።) ተደራራጊውም እንዲሁ ነው። «ኢል ሰ ርጋርድ» ማለት ይተያያሉ ማለት ሲሆን፣ ያው ዐረፍተ ነገር በመስታወት ፊት ለቆሙ ሰዎች ከተነገረ ራሳቸውን ይመለከታሉ ማለትም ይሆናል። ፈረንሳይኛ ሁለቱን የሚለየው በንግግሩ አገባብ ወይም «ለን ሎትር» የሚለውን በመጨመር ነው። አማርኛ ግን በግሡ ቅርጽ አስቀድሞ ለይቷቸዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚገኝበት «ይሸጣል» የሚለው ግሥ ነው። «ነጋዴው ቡናውን ይሸጣል» ሲባል ሸ ላልቶ ይነበባል፤ «ቡናው ይሸጣል» ሲባል ይጠብቃል። «ተ» በትንቢቱ አንቀጽ ውስጥ ተውጦ የቀረው ምልክት መጥበቁ ብቻ ነው፤ እርሱም በጽሕፈት አይታይም። ፈረንሳይኛው የመጀመሪያውን «ኢል ቫን ለ ካፌ»፣ ሁለተኛውን «ለ ካፌ ሰ ቫን» ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ «ሰ»ን ዘንግቶ «ለ ካፌ ቫን» ብሎ ቢጽፍ የሚያስገርም አይደለም፤ በአማርኛው ዐይኑ ያላየውን ምልክት በፈረንሳይኛው እንዲጽፍ እየተጠየቀ ነውና። መምህሩ ሁለቱን የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ጮክ ብሎ በማስነበብ ልዩነቱን ካሰማ በኋላ «ያ መጥበቅ በፈረንሳይኛ ሰ ሆኖ ይጻፋል» ቢል፣ ከረጅም ማብራሪያ የተሻለ ይረዳል።

ሆኖም መመሳሰሉ ወሰን አለው። ድርጊቱን የፈጸመው በግልጽ ከተጠቀሰ፣ ለምሳሌ «ገንዘቡ በሌባ ተሰረቀ» ከተባለ፣ «ሰ» አይገባም፤ ፈረንሳይኛው «ኤትር» የሚለውን ረዳት ግሥ ይጠቀማል። ሌላው ወሰን አማርኛው ያለ «ተ» የሚሄድባቸው ግሦች ናቸው። ለበሰ፣ ነቃ፣ ቆመ በፈረንሳይኛ «ሳቢዬ»፣ «ሰ ሬቬዬ»፣ «ሳሬቴ» ይባላሉ፤ ሁሉም «ሰ»ን ይይዛሉ። ነገሩ ሥርዐት የለሽ ይምሰል እንጂ አይደለም። አማርኛ ከለበሰ ተነሥቶ በ«አ» አለበሰን ሲያወጣ፣ ፈረንሳይኛ በተቃራኒው ከአለበሰ ተነሥቶ በ«ሰ» ለበሰን ያወጣል። አነቃና አቆምም እንዲሁ ናቸው። ዝም አለ («ሰ ቴር») እና አስታወሰ («ሰ ሱቭኒር») ግን በዚህ መንገድ አይገኙም፤ በቃል መያዝ አለባቸው።

የአማርኛው «ተ» የሚያስከትለው ስሕተትም አለ። «ታጠብሁ፣ ታጠብህ፣ ታጠበ» ሲባል የሚለዋወጠው የግሡ መጨረሻ ነው፤ «ተ» ከቦታዋ አትነቃነቅም። የፈረንሳይኛው ቃል ግን ከባለቤቱ ጋር ይለወጣል፦ «ዠ መ ላቭ»፣ «ቱ ተ ላቭ»፣ «ኢል ሰ ላቭ»፣ «ኑ ኑ ላቮን»፣ «ቩ ቩ ላቬ»። ተማሪው «ዠ ሰ ላቭ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ«ኑ ኑ» አንዱን የሚሰርዘውም ድግግሞሽ መስሎት ነው። «ቱ ተ ላቭ» በሚለው ውስጥ ያለው «ተ» ከአማርኛው ጋር በድምፅ መገጣጠሙ አጋጣሚ ብቻ መሆኑ መነገር አለበት፤ ካልተነገረ ተማሪው በየስፍራው ያስገባዋል። ለውጡ በንኡስ አንቀጽ ፊትም ይቀጥላል፦ «ልታጠብ ነው» ለማለት «ዠ ቬ መ ላቬ» እንጂ «ዠ ቬ ሰ ላቬ» አይባልም። በትእዛዝ «ሌቭ ቷ» (ተነሥ)፣ በክልከላ ግን «ነ ተ ሌቭ ፓ» (አትነሣ) ይባላል። ይህ በክፍል ውስጥ በየቀኑ ተማሪን በማስነሣትና በማስቀመጥ ያለ ተጨማሪ ሰዓት ሊለመድ ይችላል።

«እጇን ታጠበች» የሚለው «ኤል ሴ ላቬ ሌ ሜን» ይሆናል። አማርኛው እጅን ከባለቤቷ ጋር በ«ዋ» ሲያያይዝ፣ ፈረንሳይኛው ባለቤትነቱን ለ«ሰ» ትቶ እጅን በመስተአምር ብቻ ይጠራል። «ሴ ሜን» (እጆቿን) የሚለው የተማሪ ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች የሚቀረው የጊዜ ክፍፍል ነው። በኀላፊው ጊዜ ረዳት ግሡ «አቯር» ሳይሆን «ኤትር» መሆኑ በጆሮ የሚሰማ፣ ስሕተቱም ወዲያው የሚታወቅ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊለመድ ይገባል፦ «ዠ መ ስዊ ለቬ»። የግሡን መጨረሻ በጾታና በቍጥር የማስማማቱ ሕግ ግን ለፈረንሳውያን ተማሪዎችም አድካሚ ነው። «ኤል ሴ ላቬ» በሚለው ውስጥ የሴት ምልክት ይጻፋል፤ «ሌ ሜን» ሲጨመር ይቀራል፤ በሁለቱም ግን ንባቡ አንድ ነው። ለጆሮ ምንም በማይለውጥ ፊደል የጀማሪዎችን ሰዓት መጨረስ ተገቢ ስለማይሆን፣ ሕጉን ተማሪው በሰፊው መጻፍ እስኪጀምር ማቆየት ይሻላል። አስቀድሞ ማሳየት ካስፈለገም ልዩነቱ በሚሰማበት በ«ተቀመጠ» መጀመር ይቻላል፦ «ኢል ሴ ታሲ»፣ «ኤል ሴ ታሲዝ»።