ግጭት ሲመጣ የሴቶች ማኅበር ምን ይሠራል?

ጠብ ሲነሣ ወንዱ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ሴቷ ደግሞ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ትሸሻለች። ታዲያ የሸሸችው ሴት የት ታድራለች? ምን ትበላለች? ልጇ ቢታመም ማን ያሳክምላታል? ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

በአካባቢያችን የደረሰው

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሣ። ሰው ሞተ። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ሁከቱ ሶዶ ከተማም ደረሰ። በዚያው ዓመት ከአባያ ሐይቅ ማዶ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሶዶና በቦዲቲ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰዎች በጥይት ተገደሉ።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን አገራችን ትልቅ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አዳረሰ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ጉዳዩን አብረው መርምረው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጤቱን አወጡ። ሁሉም ተዋጊ ወገኖች በሕዝብ ላይ በደል እንደፈጸሙ፣ ሴቶችም እንደተደፈሩ ገለጹ።

ጦርነቱን ያቆመው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከተማ በፕሪቶሪያ ተፈረመ። በሁለቱም ወገን የፈረሙት ወንዶች ናቸው። ከሦስቱ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎች አንዷ ብቻ ሴት ነበረች። እርሷም የደቡብ አፍሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረችው ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ናት። እንግዲህ እናስተውል። መከራው ሲመጣ ሴቷ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ትሸከማለች። የእርቁ ወንበር ላይ ግን ቦታዋ ጠባብ ነው።

ሴቶች ጠብ ያበርዱ ነበር

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል አባባል አለ። ይኼ አባባል ከእውነት የራቀ ነው። የገዛ አገራችን ባህል ይመሰክርበታል።

በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስትዳር ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ይሰጣታል። ሰዎች ሊጋደሉ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ። ያን ጊዜ ጠቡ መቆም አለበት። ሲንቄ የያዘችን ሴት አልፎ መምታት ነውር ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት፣ በልዕልት ፀሐይ አስተባባሪነት ሴቶች ተሰባሰቡ። ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ አዘጋጁ። ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭንብልም ሰፉ።

በእኛም በወላይታ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ የተጣላ ይታረቃል፤ አዲሱን ዓመት ቂም ይዞ መግባት አይወደድም። ወንዶች ለበሬው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ሴቶች ደግሞ ለቅቤው ይቆጥባሉ። ለበዓል ቅቤ የሚያጠራቅም ማኅበር ለክፉ ቀንስ ማጠራቀም ያቅተዋል? አያቅተውም!

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በተጣሉ ሕዝቦች መካከል የተጋቡ አሉ። ከዚያ ወገን ተወልዳ ወደዚህ የተዳረች ሴት በሁለቱም በኩል ሥጋ ዘመድ አላት። ከቢላቴ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ሆና የምትነግድ ሴት የሁለቱንም ወገን ደንበኞች ታውቃለች። ወንዶቹ መነጋገር ሲያቆሙ መልእክት ሊያደርሱ የሚችሉት እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ከሊቤሪያ የምንማረው

ሊቤሪያ በምዕራብ አፍሪካ የምትገኝ አገር ናት። ለብዙ ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነት ነበረባት። በ1995 ዓ.ም. ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ተባበሩ። ነጭ ለብሰው በዋና ከተማው በሞንሮቪያ፣ በዓሣ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ በየቀኑ ተቀመጡ። ፀሐይም ዝናብም አላስነሣቸውም። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ሰላም እንፈልጋለን!» የሚል።

የሰላሙ ድርድር በጋና አገር ሲጓተት ሴቶቹ እዚያ ድረስ ሄዱ። በአዳራሹ በር ላይ ተቀመጡ። ሳትስማሙ አትወጡም አሉ። በነሐሴ ወር 1995 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሴቶቹን ከመሩት አንዷ ሌማ ቦዊ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው።

ማኅበሩ በክፉ ቀን የሚሠራው

አንደኛ፣ ወሬ ያጣራል። ብዙ ጠብ የሚቀጣጠለው በሐሰት ወሬ ነው። «እገሌ ተገደለ» ሲባል የማኅበሩ ሴቶች በማዶ ያሉ ዘመዶቻቸውን ይጠይቁ። እውነቱን ለሽማግሌዎችና ለቀበሌ ያሳውቁ።

ሁለተኛ፣ የተፈናቀሉትን ይመዘግባል። ስም፣ የልጆች ቁጥር፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ በሽተኛ፣ አቅመ ደካማ ይጻፍ። እርዳታ ሲመጣ በአባወራ ስም ብቻ ከተከፈለ ባሏ የሞተባት ወይም ባሏ የጠፋባት ሴት ትቀራለች። ስለዚህ ሴቷ በራሷ ስም ትመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ወንዶች የማያስታውሱትን ያስታውሳል። ለወር አበባ የሚሆን ጨርቅና ሳሙና፣ ለአራስ የሚሆን አጥሚትና ብርድ ልብስ፣ በር የሚዘጋ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። ውኃ የሚቀዳበት መንገድ ጨለማ ከሆነ ሴቶች በቡድን ይሂዱ።

አራተኛ፣ የተደፈረችን ሴት ያስጠጋል። ይህችን ሴት ማንም አይውቀሳት። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ስሟ በመዝገብም በወሬም አይውጣ። እርሷ ከፈቀደች ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። በ3 ቀን ማለት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ትችላለች። ያልፈለገችውን እርግዝና የሚከላከል መድኃኒትም ታገኛለች። 3 ቀን ካለፈም ትሂድ፤ ሌላ ሕክምና አለ።

አምስተኛ፣ ለእርቁ ሰው ይልካል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሴቶችም ተቀምጠው ይናገሩ። ቂሙን ቤት ውስጥ የምታውቀው፣ ልጇን «ተው» የምትለው እናት ናት።

መደገፍ ማለት ምንድን ነው?

«ሴቶች ጎበዞች ናቸው» ብሎ ማመስገን ብቻውን ድጋፍ አይሆንም። ድጋፍ ማለት ገንዘብ፣ ሕግና ወንበር ነው።

ስለ ሕግ እንናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣ አንድ አዋጅ ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሴቶች መብትና በግጭት አፈታት ሥራ እንዳይገባ ከለከለ። በዚህ የተነሣ እንደ ኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ድርጅቶች ሥራቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ወጥቶ ክልከላው ተነሣ። ይሁን እንጂ አቅሙ የደከመ ማኅበር በአንድ ቀን አይጠነክርም።

በዓለም ደረጃም የተሠራ ሥራ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥቅምት ወር 1993 ዓ.ም. ውሳኔ ቁጥር 1325ን በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ፣ በጦርነት ጊዜም ከጥቃት እንዲጠበቁ ይላል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ለሴቶች ማኅበራት የሚሰጥ የሰላምና የሰብአዊ እርዳታ ፈንድ ተቋቋመ።

እርዳታ ሰጪ ግን ወረቀት ይጠይቃል። የአባላት ስም ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ የታለ ይላል። እዚህ ላይ ነው ፊደል የሚጠቅመን። ማኅበሩ ከአባላቱ አንዲት የምትጽፍ ሴት ካለችው መዝገቡን የሚይዝለት ሰው ከውጭ አይለምንም።

እስቲ እናስላ

አንድ የሴቶች ማኅበር 40 አባላት አሉት እንበል። እያንዳንዷ በሳምንት 10 ብር ታወጣለች።

በሳምንት 40 × 10 = 400 ብር።
በዓመት 52 × 400 = 20,800 ብር።

ይህ ገንዘብ ተፈናቃይ በመጣበት ሌሊት እህልና ሳሙና ይገዛል፤ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ለሚወስድ መኪና ኪራይ ይሆናል። የመንግሥትም ሆነ የድርጅት እርዳታ እስኪደርስ ሕይወት የሚያተርፈው በእጅ ያለው ነው።

ወንድ አንባቢዎችም ሥራ አላችሁ። ሚስታችሁ ወደ ስብሰባ ስትሄድ ልጆቹን ጠብቁ፤ ውኃውን ቅዱ። በቀበሌው የሰላም ኮሚቴ ሴቶች ከሌሉ «ለምን የሉም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

ለውይይት

1. በቀበሌያችን የሰላም ኮሚቴ ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ?
2. ዛሬ ማታ 50 ተፈናቃዮች ቢመጡ የት ያድራሉ? ማንስ ይመዘግባቸዋል?
3. ከመንደራችን ወደ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መኪና ያለው ማን ነው?

የቃላት ፍቺ

ተፈናቃይ፦ ከቤቱና ከቀዬው ሳይወድ በግድ የወጣ ሰው።
አደራዳሪ፦ የተጣሉ ወገኖችን የሚያነጋግር።
ቃለ ጉባኤ፦ በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት።