አሪቻ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ገና በሕይወት አለ

ቡናው ተለቅሟል፣ ተፈልፍሏል፣ ታጥቧል፣ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ከዚህ በኋላ መድረቅና መሸጥ ብቻ የቀረው ዕቃ ይመስላል አይደል?

ሳይንሱ ግን ሌላ ነገር ይላል። ያ ፍሬ ዘር ነው። ገና ይተነፍሳል። እርጥብ አፈር ቢያገኝ ይበቅላል። አደራረቁ ላይ ከተበላሸ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ቡና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጣዕሙን፣ ከጣዕሙም ጋር ዋጋውን ሊያጣ ይችላል።

እንዴት መሰላችሁ? አብረን እንየው።

📍 አሪቻ ላይ የሚሠራው ሥራ

አሪቻ ጌዴኦ ዞን፣ ይርጋጨፌ አካባቢ የምትገኝ ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቦታ ናት። ስሟ ከይርጋጨፌ ጋር ተያይዞ ውጭ አገር በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ይጻፋል።

በለቀማ ወቅት ማጠቢያ ጣቢያ የሄደ ሰው የሚያየውን ታውቃላችሁ። ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በረጃጅሙ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ቡናውን በእጃቸው ያገላብጣሉ፣ የተበላሸውን ይለቅማሉ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ቡናውን ይሸፍኑታል። ሲመሽም እንዲሁ።

ማታ መሸፈኑስ ለጤዛው ነው፣ ገባን። ግን እንዲደርቅ የተሰጣን ነገር ፀሐይ በጠነከረች ሰዓት መሸፈን ምን ይባላል? መልሱ ያለው ፍሬው ውስጥ፣ በዓይን የማይታይ ቦታ ላይ ነው።

🔬 ፍሬው ውስጥ ምን አለ?

እያንዳንዱ የቡና ፍሬ በብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱን ሕዋስ ከውስጥ የሚከብበው ከስብ የተሠራ በጣም ስስ ሽፋን አለ። ስስነቱ ከአንድ የፀጉር ዘለላ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ ሽፋን ዘይቱን፣ ስኳሩንና ጨዋማ ንጥረ ነገሮቹን በየቦታቸው ይይዛል። ስንቆላው ሽታና ጣዕም የሚሆነው እንግዲህ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ነው።

ቡናው ሲደርቅ ውሃ ከሕዋሱ ይወጣል፣ ሕዋሱ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑም አብሮ ይታጠፋል። መድረቅን የሚችሉ ዘሮች ለዚህ ዘዴ አላቸው፦ ውሃው ቀስ ብሎ ሲወጣ ስኳር ቦታውን ተክቶ ሽፋኑን ይደግፋል። የሕዋሱ ውስጥም መጀመሪያ እንደ ማር ይወፍራል፣ ቀጥሎ እንደ ከረሜላ ይጠጥራል። በዚያ ጥጥር ውስጥ ሁሉም ነገር ዝግ ይላል፤ ሕይወት ቆማ ትጠብቃለች።

ይህን ዓይነት ጥያቄ፣ ማለትም ሕይወት ያለውን ነገር በሙቀት፣ በግፊት፣ በውሃ እንቅስቃሴና በኤሌክትሪክ ሕግ መረዳትን የሚያጠናው ዘርፍ ባዮፊዚክስ ይባላል።

🔥 ሲቸኮልስ?

እ.ኤ.አ. በ2008 ፍላቪዮ ቦሬም የተባሉ ብራዚላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በተለያየ ሙቀት የደረቀ ቡናን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ውጤቱን አሳተሙ። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረቀው ቡና የሕዋስ ሽፋኑ እንዳለ ነበር። በ60 ዲግሪ የደረቀው ግን ሽፋኑ ተቀድዶ ዘይቱ ወደ ውጭ ፈሷል።

የፈሰሰ ዘይት አየር ያገኘዋል። አየር ያገኘው ዘይት ደግሞ ይበላሻል። ቤት ውስጥ የቆየ ቅቤ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረንም መቼም!

የጀርመኑ ብራውንሽቫይግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዲርክ ዜልማርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አሳይተዋል። ቡናው ከተፈለፈለ በኋላ ለመብቀል መዘጋጀት ይጀምራል፤ ውሃው ሲጎድልበትም ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር ያከማቻል። ይህ ዕፅዋት ሲጨነቁ የሚያሳዩት ምልክት ነው። በአጭሩ፣ አልጋው ላይ ያለው ፍሬ ጥሙን ይሰማዋል።

⚡ ያለ ማይክሮስኮፕ ማወቅ ይቻላል?

አዎ፣ ዘዴውም ቀላል ነው። 50 ፍሬ ቡና 75 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለ5 ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። የሕዋስ ሽፋኑ ከተቀደደ ፖታሺየምና ሌሎች ጨዎች ወደ ውሃው ያመልጣሉ። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። ስለዚህ ቆጣሪው ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ የሕዋሱ ሽፋን ተቀድዷል ማለት ነው።

💧 ስንት ውሃ ይቅር?

እሸት ቡና ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ለማከማቸት ከ10 እስከ 12 በመቶ መውረድ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ሻጋታ ይመጣል። በጣም ካነሰ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል።

ቡና በዚህም አመለኛ ነው። ስንዴ ወይም ጤፍ በደንብ ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት ዘር ሆኖ ይቀመጣል። ቡና ግን እንደዚያ አይችልም። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990 (እ.ኤ.አ.) ይህን መሃል ሰፋሪ ባህሪ የገለጹት ቡናን አጥንተው ነው። አገራችን የቡና ዝርያዎቿን ጅማ ዞን ጮጬ ላይ ዛፍ አድርጋ፣ መሬት ላይ ተክላ የምታቆየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

✅ ታዲያ ምን እንያዝ?

▪️ ቡናውን በስሱ መስጣትና ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፦ ሁሉም ፍሬ እኩል እንዲደርቅ።
▪️ ቀትር ላይ መሸፈን፦ ሙቀቱ ሽፋኑን እንዳይቀድድ።
▪️ ከደረቀም በኋላ እስኪላክ ድረስ ውስጠኛውን ስስ ገለፈት አለመፈተግ። የዜልማር ቡድን እንዳሳየው ከነገለፈቱ የተቀመጠ ቡና ከተፈተገው ይልቅ ሕይወቱ ይረዝማል።

አልጋ ሲጠብብ፣ ዝናብ ሲያስፈራ፣ ገዢ ሲያጣድፍ መቸኮል ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ቡና የምታገላብጠው እህታችን ግን የምትሠራው ተራ ሥራ አይደለም። ማይክሮስኮፕ ሳይኖራት፣ በእጇና በልምዷ ብቻ፣ የሚሊዮኖች ሕዋሳትን ሽፋን እየጠበቀች ነው። ክፍያው ሲታሰብ ይህም ይታሰብ።

እናንተ አካባቢ ቡና እንዴት ነው የሚደርቀው? አልጋ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ቡና ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉት።