የክልላችንን ካርታ ልጆች ራሳቸው ይሳሉት፤ ከቦንጋ እንጀምር

ቦንጋ ወይም ካፋ ውስጥ ያላችሁ፣ እስኪ ታናሽ እህታችሁን «የምንኖርበት ክልል ማን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱ «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል» ነው። እናንተ በእሷ ዕድሜ ሳላችሁ ግን መልሱ «ደቡብ» ነበር። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው መስከረም 20 ቀን 2014 ሲሆን ክልሉ በይፋ የተመሠረተው ኅዳር 14 ቀን 2014 ነው። ብዙዎቻችን የተማርንበት ካርታ አርጅቷል ማለት ነው።

ታዲያ ልጆች አዲሱን ካርታ ሳይሰለቹ እንዴት ይማሩት? አሜሪካ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አንድ ግዛት ይዞ ወፏን፣ አበባዋን፣ ባንዲራዋን እየሳለ ክፍል ውስጥ ማቅረቡ የተለመደ ነው። እኛም ጋር በካርቶን፣ በቀለምና በሙጫ ብቻ ይሠራል።

1. ካርታው

የዕቃ ካርቶን ዘርግታችሁ የክልሉን ቅርጽ አስሏቸው። ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀለም ይኑራቸው። ቦንጋ ላይ ኮከብ ይደረግ፤ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት።

2. አንድ ልጅ፣ አንድ ሥዕል

ለመነሻ የሚሆኑ እነሆ፦

☕ ቡና፦ ስሙ «አረቢካ» ይባል እንጂ መገኛው ዓረብ አገር አይደለም። ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። በካፊኖኖ «ቡኖ» ነው።

🌳 ጫካ፦ ዩኔስኮ የካፋን ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌርነት መዝግቧል። ከያዩ ጋር በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

🐑 የቦንጋ በግ፦ ቀንድ የለውም፤ ላቱ ግን ረጅምና ወፍራም ነው። ትንንሾቹ ይህንን ይውሰዱ፣ ለመሳል ቀላል ነው።

🐘 ዝሆን፦ ዳውሮና ኮንታ ውስጥ ባለው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይኖራል።

👑 ንጉሥ፦ ጋኪ ሸሮቾ የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ነበሩ። በ1897 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ጦር ተማረኩ። ይህን የሚስለው ልጅ መጀመሪያ አያቱን ይጠይቅ።

3. የሥዕሉ ጀርባ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ልጁ ከሥዕሉ ጀርባ «ይህን ከማን ሰማሁ?» ብሎ መልሱን ይጻፍ። ከዚያ የተረጋገጠውን በአረንጓዴ «እናውቃለን»፣ ያልተረጋገጠውን በቢጫ «ይባላል» ብሎ ምልክት ያድርግ።

ለምሳሌ ፍየሎቹ ቡና በልተው የጨፈሩበትን የካልዲን ታሪክ ሁላችንም እንወደዋለን። ግን በጽሑፍ ቀድመው ከተገኙት አንዱ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመ ነው፤ እሱም ታሪኩን የሚያወራው የመን ውስጥ እንደሆነ አድርጎ ነው። ስለዚህ ካልዲ ቢጫ ነው። የጫካው ቡና ግን አረንጓዴ ነው፤ ሄደን በዓይናችን ማየት እንችላለን። ካፋ ለመኩራት ተረቱ የግድ አያስፈልጋትም።

ይህ ለምን አስፈለገ? አንደኛ፣ «ይባላል» የሚለውን ከ«እናውቃለን» መለየት የለመደ ልጅ ነገ ስልክ ሲይዝ ያየውን ሁሉ ሼር አያደርግም። ሁለተኛ፣ የጫካ ቡና የሚኖረው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዛፉ ከተቆረጠ አብሮ ይጠፋል። ውስጡ ያለው የዘር ብዛት ደግሞ ወደፊት በሽታና ድርቅ የሚቋቋም ቡና ለማግኘት የዓለም መጠባበቂያ ነው። ዛፉንና ቡናውን አንድ ወረቀት ላይ የሳለ ልጅ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይኖር ይገባዋል። ጫካውን ነገ የሚረከበው ደግሞ እሱ ነው።

መምህራን በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሞክሩት። ታላላቆችም ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ትችላላችሁ። እውነተኛ የቡና ፍሬና የኮረሪማ ፍሬ ብትለጥፉበት ደግሞ ካርታው ራሱ ይሸታል 😊

እስኪ እናንተ ንገሩን፦ የሰፈራችሁ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ቢስል ምን ይሳል? አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ?