የሕይወት መድን ተጠቃሚ ቀድሞ ሲሞት፦ የሕጉ አቋምና መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

መግቢያ

የሕይወት መድን የገባ ሰው እርሱ ሲሞት የመድን ገንዘቡ የሚከፈለውን ሰው በፖሊሲው ላይ ይሰይማል። ይህ ሰው “ተጠቃሚ” ይባላል። ስያሜው ብዙውን ጊዜ ውሉ በተፈረመበት ወይም ሠራተኛው በተቀጠረበት ዕለት የሚሞላ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ተጠቃሚው በመሞቱ ብቻ ውሉ አይፈርስም፤ ዓረቦኑ እስከተከፈለ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። የሚለወጠው ገንዘቡ ለማን እና በምን ሥርዓት እንደሚከፈል ነው።

ገንዘቡ የውርስ ሀብት የሚሆነው መቼ ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 827 እንደሚደነግገው የሕይወት መድን ገንዘብ የውርስ ሀብት ክፍል የሚሆነው ሟቹ ተጠቃሚውን ያልወሰነ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ መግለጫ ሳይኖር መድኑ ለወራሾቹ ጥቅም የተገባ እንደሆነ ነው። በሌላ ሁኔታ ገንዘቡ ከውርሱ ውጪ ሆኖ በቀጥታ ለተጠቃሚው ይከፈላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ወደ ውርስ ከገባ የሟቹ ዕዳ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ቀሪው በውርስ ሕግ መሠረት ለወራሾች ይከፋፈላል። በሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆች ናቸው። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ንብረት የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ኑዛዜ ከሌለ አንዳቸው የሌላውን ድርሻ አይወርሱም።

ማን ቀድሞ ሞተ?

1. ተጠቃሚው ከመድን ገቢው በፊት ከሞተ፦ መድን ገቢው በሕይወት እስካለ ድረስ ሌላ ተጠቃሚ መሰየም ይችላል። ሳይሰይም ከሞተ፣ በፖሊሲው ላይም ተተኪ ተጠቃሚ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ ወደ መድን ገቢው የውርስ ሀብት ይገባል። የቀድሞው ተጠቃሚ ወራሾች በእርሱ እግር ተተክተው ገንዘቡን የሚጠይቁት ውሉ ይህን የሚፈቅድ ሲሆን ነው።

2. ተጠቃሚው ከመድን ገቢው በኋላ፣ ገንዘቡን ሳይቀበል ከሞተ፦ የተጠቃሚው መብት መድን ገቢው በሞተበት ጊዜ ተፈጥሯል። ስለሆነም ገንዘቡ የሚተላለፈው ለተጠቃሚው ወራሾች እንጂ ለመድን ገቢው ወራሾች አይደለም።

3. ሁለቱም በአንድ አደጋ ከሞቱ፦ ማን እንደቀደመ በሞት የምስክር ወረቀትና በሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል። ክርክር ከተነሳ ፍርድ ቤት ይወስናል።

ለአብነት አንዲት ሠራተኛ ስትቀጠር እናቷን ተጠቃሚ አድርጋ ቅጽ ሞላች እንበል። ኋላ ትዳር መሥርታ ሁለት ልጆች ወለደች፤ እናቷ ዐረፉ፤ ቅጹ ግን አልተለወጠም። ሠራተኛዋ ኑዛዜ ሳታደርግ ብትሞት ገንዘቡ ወደ ውርሷ ገብቶ ዕዳዋ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለሁለቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። ባለቤቷ ከዚህ ገንዘብ በወራሽነት የሚያገኘው የለም። ይህ ውጤት ፍላጎቷ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በወቅቱ አንድ ቅጽ በመሙላት ብቻ ሊለወጥ ይችል ነበር።

የመድን ገቢው ኃላፊነት

• የተጠቃሚውን ሞት እንዳወቀ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማመልከት፤ መድኑ በአሠሪ በኩል የተገባ ከሆነ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ማሳወቅ፤
• አዲሱን ተጠቃሚ በሙሉ ስም፣ ከነዝምድናው መሰየም፤
• ተጠቃሚዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ የየድርሻቸውን መጠን፣ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን እንደሚተላለፍ ጭምር ማስገለጽ፤
• ተተኪ ተጠቃሚ ማስመዝገብ፤
• ለውጡ በፖሊሲው ላይ መጻፉን የሚያረጋግጥ ሰነድ ተቀብሎ ማስቀመጥ፤
• ፖሊሲው ለብድር መያዣ የተሰጠ ከሆነ ለውጡን ከአበዳሪው ጋር መነጋገር።

የቤተሰብ አባላት ሊያሟሉ የሚገባቸው

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለክፍያ ጥያቄው የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

• የመድን ገቢውና የተጠቃሚው የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀት፤
• ፖሊሲው ወይም ቅጂው፤
• የጠያቂው መታወቂያ፤
• ገንዘቡ በውርስ የሚተላለፍ ከሆነ ሥልጣን ካለው ፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ። በአዲስ አበባ ይህን ማስረጃ የሚሰጡት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው።

ወራሹ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ጥያቄውን በስሙ የሚያቀርበው ሞግዚቱ ነው።

የጊዜ ገደብ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የደነገገው ክፍል አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላም ሥራ ላይ ይገኛል። በዚህ ሕግ መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በመሆኑም የወራሽነት ማስረጃው እስኪወጣ ሳይጠበቅ የመድን ገቢውን ሞት ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና የደረሰኝ ማረጋገጫ መያዝ ይገባል። መድን ሰጪው ክፍያውን ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ በመብቱ ላይ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው።